የኤትሩስካን ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል፦ አዲስ ግኝት ሲሰማ ራስዎ አንብበው የሚያጣሩበት መንገድ

ኤትሩስካውያን ሮማውያን ገናና ከመሆናቸው በፊት በመካከለኛው ጣሊያን የኖሩ ጥንታዊ ሕዝብ ናቸው። ከጣሊያን አዲስ የኤትሩስካን ግኝት በተሰማ ቁጥር ዜናው «እስካሁን ያልተፈታ ምስጢራዊ ጽሑፍ» ተብሎ ይወጣል። ስሕተት ነው። ፊደሉ ከተፈታ ቆይቷል፤ ከግሪክ የተወሰደ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይቻላል። ገና ያልተሟላው የቃላቱ ትርጉም ነው፣ ቋንቋው ዛሬ ከሚነገሩት ከአንዱም ጋር አይዛመድምና። ያም ሆኖ እስከ ዛሬ ከተገኙት 13,000 ያህል ጽሑፎች አብዛኞቹ አጫጭር የመቃብርና የስጦታ ጽሑፎች ናቸው። ያንኑ አባባል እየደጋገሙ ስለሚሄዱ ጥቂት ደርዘን ቃላት የያዘ ሰው የብዙዎቹን ሐሳብ ያገኛል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የሚያስፈልገው ጥሩ ፎቶ፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ «ቅ.ል.ክ.» ደግሞ ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ማለት ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን ይዩ

ፊደል ከመቁጠርዎ በፊት ጽሑፉ ምን ላይ እንዳለ ይለዩ። የሬሳ ሣጥን ወይም የዐመድ ማስቀመጫ ከሆነ የሚጠበቀው ስም፣ የአባትና የእናት ስም፣ አንዳንዴም ዕድሜ ነው። ጽዋ ወይም ማሰሮ ከሆነ «እኔ የእገሌ ነኝ» ወይም «እኔን እገሌ ሰጠኝ» ይላል፤ የሚናገረው ዕቃው ራሱ ነው። ከቤተ መቅደስ የወጣ የነሐስ ሐውልት ከሆነ የሰጪውና የአምላኩ ስም ይኖራል። የነሐስ መስተዋት ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከየሥዕሉ አጠገብ የተጻፈ የባለታሪኩ ስም ብቻ ነው፤ ዐረፍተ ነገር አይፈልጉበት። ጀማሪ በብዛት የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ የስም ዝርዝሩን እንደ ጸሎት ሊፈታ ይሞክራል።

ፎቶው

ፊት ለፊት በብልጭታ የተነሣ ፎቶ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ ብርሃኑ የተቀረጸውን ጎድጓዳ መስመር ያጠፋዋል። የሚያስፈልገው ከጎን፣ ከድንጋዩ ገጽ ጋር ተጋድሞ የሚመጣ ብርሃን ነው። ቤተ መዘክር ውስጥ ፎቶ ማንሣት የተፈቀደ ከሆነ ስልክዎን አንድ ቦታ ላይ ያጽኑ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ትንሽ መብራት ዝቅ አድርጎ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይና ከታች ይያዝልዎ። ቢያንስ አራት ፎቶ ያንሡ። በአንዱ ፎቶ ላይ ብቻ የሚታይ መስመር ስንጥቅ ወይም ጭረት ሊሆን ይችላል፤ በሦስቱ የሚታየው ግን ፊደል ነው ብለው መነሣት ይችላሉ። ባለሙያዎች ይህንኑ ሥራ ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ መብራቱን ብቻ እየቀያየሩ በደርዘን የሚቆጠሩ ፎቶዎች በማንሣትና በኮምፒውተር በማዋሃድ ይሠሩታል።

ፊደሉ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ ጠመኔ ወይም ዱቄት መቀባት፣ ውሃ ማፍሰስም ሆነ በጣት ማሸት ፈጽሞ አይፈቀድም። ኤትሩስካውያን የቀረጹትን ፊደል ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ይሞሉት ነበር፤ ትንሽ ሽራፊ ተርፎ ከሆነ በእርጥብ ጣት አንድ ጊዜ ቢያሹት ይጠፋል።

ከየት ወደየት?

አብዛኛው ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ እንደ ማበጠሪያ ሦስት ጥርስ ያለውን የ«ኤ» ምልክት ይፈልጉና ጥርሶቹ ወደሚያመለክቱበት አቅጣጫ ያንብቡ። ጥርሶቹ ወደ ቀኝ ካመለከቱ ሦስት ነገሮችን ያስቡ፦ ጽሑፉ ዘግይቶ በላቲን ልማድ የተጻፈ ነው፣ ወይም በአንዳንድ ጥንታውያን ጽሑፎች እንደሚታየው መስመሩ በሬ ሲያርስ እንደሚመላለሰው ዞሮ ተመልሷል፣ ወይም ደግሞ ፎቶው በኢንተርኔት ላይ ተገልብጦ ተለጥፏል። የመጨረሻው ከሚጠበቀው በላይ ያጋጥማል።

ቃላት የሚለያዩት በነጥብ ነው። ለእኛ ሁለት ነጥቡ (፡) የተለመደ ስለሆነ ይህ አያስቸግርም፤ እነሱ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ቁልቁል ይደረድራሉ። ሁለት ወጥመድ ግን አለ። የ7ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ የላቸውም፤ ቃላቱ ተጣብቀው ይሄዳሉ። ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ደግሞ በደቡብ ከተሞች፣ በተለይ በቬዪና በካሬ፣ ነጥብ የሚደረገው በቃል መካከል አናባቢ ካልተከተለው ፊደል አጠገብ ነው። ያንን የቃል ወሰን አድርጎ የቆጠረ ሰው አንዱን ስም ለሦስት ይቆራርጠዋል።

ወደ ግዕዝ መመለስ

ግዕዝ እዚህ ላይ ከላቲን ፊደል ይልቅ ይመቻል ብንል ማጋነን አይደለም። ኤትሩስካን ሁለት ዓይነት «ት»፣ ሁለት ዓይነት «ክ»፣ ሁለት ዓይነት «ፕ» አለው፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ትንፋሽ ያለው። የጥንት ተርጓሚዎቻችን ግሪክኛን ወደ ግዕዝ ሲመልሱ ያጋጠማቸው ይኸው ነበር። ደረቁን በ«ጠ»፣ በ«ቀ»፣ በ«ጰ» ጻፉት፤ ትንፋሽ ያለውን በ«ተ»ና በ«ከ»። ጢሞቴዎስና ቆሮንቶስ የሚሉትን ስሞች ልብ ይበሉ፦ በ«ጢ»ና በ«ቴ» መካከል፣ በ«ቆ»ና በ«ቶ» መካከል የግሪኩ ልዩነት ተጠብቋል። ያንኑ ልማድ እንከተል። ትንፋሽ ላለው «ጰ» ብቻ «ፐ»ን እንጠቀም፣ «ፈ» ለሌላ ድምፅ ይፈለጋልና። ይህ የአጻጻፍ ስምምነት እንጂ ኤትሩስካውያን እንደኛ «ጠ» ይሉ ነበር ማለት አይደለም።

አናባቢዎቹ አራት ብቻ ናቸው፦ ኣ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኡ። «ኦ» የላቸውም። ስለዚህ የሚያስፈልጉት ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕና ኃምስ ናቸው፤ ሳድስ ሁልጊዜ አናባቢ የሌለው ፊደል ነው። የግዕዝና የሳብዕ ረድፍ ከጽሑፍዎ ውስጥ ከገባ የሆነ ቦታ ተሳስተዋል (በአማርኛ «አ» እና «ኣ» አንድ ስለሚነበቡ ከዚህ በታች የሚመጣው «አ» እንደ «ኣ» ይቆጠር)። «በ»፣ «ደ»፣ «ገ»ም የላቸውም።

የፊደሎቹ ቅርጽ በአብዛኛው ላቲን ለሚያውቅ ሰው ቅርብ ነው፤ ችግሩም ከዚያው ይመነጫል። የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው፦

- ክብ ምልክት፣ ውስጡ መስቀል ወይም ነጥብ ያለበት፣ በኋላ ደግሞ እንደ «ዐ» ባዶ የሆነ፦ «ት» ነው። «ኦ» ብሎ የሚያነብ ሁሉ እዚህ ይወድቃል።
- መስቀል፣ ልክ እንደ «ተ»፦ በእኛ አጻጻፍ «ጥ»። ሁለቱም መስቀሎች ከአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ፊደል የመጡ ናቸው።
- እንደ «ሀ» ከላይ የተከፈተ፣ ታቹ ሹል፦ አናባቢው «ኡ»።
- የላቲኑን ኤፍ የሚመስል፦ «ው»። የላቲኑን ፒ የሚመስል፣ ራሱ የተዘጋ፦ «ር»። ጫፉ ብቻ የታጠፈ በትር፦ «ጵ»።
- የ8 ቁጥር ቅርጽ፦ «ፍ»።
- ባለ ሦስት ጣት ሹካ፦ «ክ»።
- የላቲኑን ዜድ የሚተካው፣ ድምፁ ጥምር የሆነ፦ «ጽ»።
- ጥምዝምዝ መስመር፦ «ስ»፤ የላቲኑን ኤም የሚመስል ባለ አራት ጭረት፦ «ሽ»።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ማብራሪያ ይፈልጋሉ። በደቡብ ተራው «ስ» በጥምዝምዙ ይጻፋል፤ በሰሜን፣ በኪዩሲ፣ በፔሩጃና በኮርቶና አካባቢ ግን ነገሩ ተገላብጦ ተራው ድምፅ በባለ አራት ጭረቱ ይጻፋል። ስለዚህ ያዩትን ቅርጽ ይጻፉ እንጂ ድምፁን አይገምቱ።

ሲገለብጡ የጠፋውን ቦታ በማዕዘን ቅንፍ [ ] ያሳዩ፤ የሚያጠራጥር ፊደል ካለ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት ያድርጉ። በአሳብ የሞሉትን ፊደል ያለ ቅንፍ መጻፍ የዚህ ሙያ ትልቁ ነውር ነው፣ ቀጥሎ የሚያነበው ሰው ግምትዎን እንደ ማስረጃ ይወስደዋልና።

የሚበዙት ቃላትና አሠራራቸው

«ሚ» እኔ፣ «ሚኒ» ወይም «ሚኔ» እኔን። «ቅላን» ወንድ ልጅ፣ «ሴክ» ሴት ልጅ፣ «ጱያ» ሚስት፣ «አጢ» እናት፣ «አጳ» አባት። «አዊል» ዓመት፣ «ሪል» ዕድሜ፣ «ሉጱ» ሞተ፣ «አምቄ» ነበረ ወይም ነበረች። «ጡሩቄ» ሰጠ፣ «ሙሉዋኒቄ» በስጦታ አበረከተ፣ «ጺናቄ» ሠራ። «ሹቲ» መቃብር፣ «ጡላር» ወሰን፣ «ጺላት» ከፍተኛ ሹም። ከአማልክት ጢኒያን (የአማልክቱን አለቃ) እና ኡኒን (ሚስቱን) ይያዙ። ከወንድ ስሞች ላርት፣ አርንት፣ ዌል፣ አውሌ፣ ላሪስ፤ ከሴቶች ራምታ፣ ታና፣ ታንክዊል፣ ላርቲ ደጋግመው ይመጣሉ።

ከሰዋስው ሦስት ነገር ይበቃል። «የ» ለማለት በቃሉ መጨረሻ «-ስ» (በሰሜን «-ሽ») ወይም «-አል» ይጨመራል። «እና» ለማለት ደግሞ «-ቅ» ወይም «-ም» ከኋላ ይለጠፋል። «-ቄ» ያለፈ ጊዜ ግሥ ነው።

አሁን እንሞክረው። ቬዪ፣ ፖርቶናቾ ከሚባለው መቅደስ የወጣ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ጥቁር ሸክላ እንዲህ ይላል፦ «ሚኔ ሙሉዋኔቄ አዊሌ ዊጲዬንናስ»፤ እኔን አበረከተ አዊሌ ዊጲዬንና። በኦርቪየቶ ክሮቺፊሶ ዴል ቱፎ ከሚገኙት መቃብሮች የአንዱ በር ጉበን ደግሞ «ሚ ማማርቄስ ዌልቲዬናስ» ይላል፤ እኔ የማማርቄ ዌልቲዬና ነኝ። በ1553 አሬጾ ላይ የተገኘው ኪሜራ የሚባለው የነሐስ አውሬ በፊት ቀኝ እግሩ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተቀርጾበታል፤ «ጢንሽቅዊል»። ሲቆራረጥ ጢን፣ -ሽ፣ ቅዊል ይሆናል፤ የጢኒያ ስጦታ። ብዙዎች ቅርሱን ለውበቱ ያደንቁታል፤ በእግሩ ላይ ያለችው ቃል ግን የአምላክ ንብረት እንደነበር ትናገራለች።

ረዘም ያለ ከፈለጉ የታርኲኒያው መቃብር አለ፦ «ራምታ ማጡልናይ ሴክ ማርቄስ ማጡልናስ ጱያም አምቄ ሴትሬስ ቄይሲኒዬስ»። ራምታ ማጡልናይ፣ የማርቄ ማጡልና ልጅ፣ የሴትሬ ቄይሲኒዬም ሚስት ነበረች። የአባቷ የቤተሰብ ስም ማጡልና ሲሆን እሷ ማጡልናይ መባሏ የሴት መጨረሻው «-ኢ» ስለተጨመረ ነው። ሮማውያን ሴቶችን በቤተሰብ ስም ብቻ ይጠሩ በነበረበት ዘመን ይህች ሴት የራሷ መጠሪያ ስም አላት።

ቁጥር ላይ ይጠንቀቁ

የራምታ ጽሑፍ ሲቀጥል «ሉጱም አዊልስ ማክስ ሼአልክልስቅ» ይላል፤ ሞተችም፣ በአምስትና በ… ዓመቷ። «ቱ» አንድ፣ «ጻል» ሁለት፣ «ቂ» ሦስት፣ «ማክ» አምስት መሆናቸው ይታወቃል። የአራትና የስድስት ጉዳይ ግን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል፤ «ሁት» እና «ሻ» ከሚሉት የትኛው የትኛው ነው? «ሻ» ስድስት ከሆነ «ሼአልክ» ስድሳ ነው፣ ራምታም የሞተችው በ65 ዓመቷ ነው። አራት ከሆነ 45።  አንድ የዜና ዘገባ የሟችን ዕድሜ በእርግጠኝነት ከነገረዎ ቁጥሩ በቃል ነው ወይስ በምልክት የተጻፈው ብለው ይጠይቁ። በምልክት ከሆነ ክርክር የለም፦ ቀጥ ያለ ጭረት 1፣ እንደ «ለ» ያለ ሁለት እግር 5፣ የተጋደመ መስቀል 10፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት 50 ነው።

ሌላው ወጥመድ ቅነሳ ነው። «ቂዬም ጻትርምስ» ሃያ ሦስት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ሦስት ከሃያ ሲጎድል፣ 17 ነው።

«ቂ» ሦስት መሆኑ የተረጋገጠው በ1964 ፒርጊ ላይ በተገኙት ሦስት የወርቅ ሰሌዳዎች ነው። ሁለቱ ኤትሩስካን፣ አንዱ ፊንቄኛ ናቸው፤ የካሬው ገዥ ቴፋሪዬ ዌሊያናስ በ500 ቅ.ል.ክ. ገደማ ለኡኒ፣ በፊንቄኛው ለአስታርቴ፣ ያቆመውን መቅደስ ይናገራሉ። ኤትሩስካኑ «ቂ አዊል» ባለበት የፊንቄኛው ሰሌዳ ሦስተኛ ዓመት ይላል፤ ፊንቄኛ ሴማዊ ስለሆነ የቁጥሩ ሥር ከግዕዙ «ሠለስቱ» ጋር አንድ ነው። ሮም የሚኖር ሰው ሰሌዳዎቹን በቪላ ጁሊያ ቤተ መዘክር ሊያያቸው ይችላል።

ዘመኑን ከፊደሉ መገመት

በጥንታውያኑ ጽሑፎች የ«ቅ» ድምፅ ሦስት ፊደል አለው፦ ከ«ኣ» በፊት አንዱ፣ ከ«ኤ»ና «ኢ» በፊት ሌላው፣ ከ«ኡ» በፊት ሦስተኛው። ሦስቱንም ካዩ ጽሑፉ ጥንታዊ ነው። ባለ 8 ቅርጹ «ፍ» የመጣው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. አጋማሽ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ድምፁ በ«ው»ና «ህ» ጥምረት ይጻፍ ነበር። ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ጀምሮ ደግሞ በቃል መካከል ያሉት አናባቢዎች ይረግፋሉ፦ የግሪኩ አሌክሳንድሮስ መጀመሪያ «ኤላክሳንጥሬ»፣ በኋላ «ኤልቅስንጥሬ» ሆነ። ተነባቢ ተነባቢውን ብቻ ካዩ ጸሐፊው ተሳስቶ ሳይሆን ዘመኑ ዘግይቶ ነው።

በቅርብ ጊዜ ግኝቶች ላይ ሲሠራበት

በ2016 ይፋ የሆነው የፖጆ ኮላ ሐውልት፣ ከፍሎረንስ ሰሜን ምሥራቅ ባለው የሙጄሎ ሸለቆ፣ 1.2 ሜትር ያህል ቁመትና 227 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ያለው የአሸዋ ድንጋይ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ከቆመ በኋላ ለሌላ ቤተ መቅደስ መሠረት ተደርጎ ተቀበረ። የሚነበቡት ምልክቶች 70 ያህል ናቸው፤ የኡኒ ስም ከመካከላቸው ተለይቷል። እዚህ ላይ ዕቃውን መጀመሪያ ማየት የሚለው ምክር ዋጋ አለው፦ ድንጋዩ የወጣው ከመቃብር ሳይሆን ከመቅደስ ስለሆነ የሚጠበቀው የቤተሰብ ስም ሳይሆን ሥርዓት ነክ ጽሑፍ ነው። ከቀብር ጽሑፍ የተማርናቸው ቃላት ብዙ የማይረዱትም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ አንድ መስመርም ቢጨመር ትልቅ ነገር ነው።

ሳን ካሻኖ ዴይ ባኚ ሌላ ጉዳይ ነው። በሲየና አውራጃ ካለ ፍል ውሃ ጭቃ ውስጥ 24 የነሐስ ሐውልቶችና 5,000 ያህል ሳንቲሞች መውጣታቸው በኅዳር 2022 ይፋ ሆነ። ቁፋሮውን የሚመራው ያኮፖ ታቦሊ ነው። ሐውልቶቹ ከ2ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ከልደተ ክርስቶስ በኋላ እስካለው 1ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የተሠሩ ሲሆን ጽሑፋቸው በኤትሩስካንም በላቲንም ነው፤ አየር ያልደረሰበት ጭቃ ሁሉንም ጠብቋቸዋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያዩ የቤተሰብ ስሙን ነጥለው ያውጡ። ከተጠቀሱት አንዱ የፔሩጃው ዌሊምና ነው። ይህ ቤተሰብ ፔሩጃ ላይ በ1840 በተገኘው የምድር ውስጥ መቃብሩ ይታወቃል፤ እዚያ ካሉት የዐመድ ማስቀመጫዎች አንዱ ባለ ሁለት ቋንቋ ነው። ኤትሩስካኑ «ጱጵ ዌሊምና አው ቃሃጢያል» ሲል ላቲኑ ፑብሊዩስ ቮሉምኒዩስ፣ የአውሉስ ልጅ፣ ከካፋቲያ የተወለደ ይለዋል። «-አል» የእናትን ስም እንዴት እንደሚይዝ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማሳያ የለም። «ህ» እና «ፍ» እየተለዋወጡ እንደሚጻፉም ያሳያል። አንድ ስም ከመዝገብ ሲያጡት በሌላኛው ፊደል ደግመው ይፈልጉት።

በ2025 ባርባራኖ ሮማኖ አቅራቢያ በሳን ጁሊያኖ ያልተዘረፈ የ7ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. መቃብር ተከፍቷል፤ በድንጋይ አልጋ ላይ የተጋደሙ አራት ሰዎችና ከመቶ በላይ ዕቃዎች ነበሩበት። ከዚህ ዘመን መቃብር ረጅም የመቃብር ጽሑፍ አይጠብቁ። በዚያ ጊዜ ጽሑፍ የሚገኘው በአብዛኛው በሸክላ ዕቃ ላይ ነው፤ በ«ሚ» ይጀምራል፣ ነጥብም የለውም።

ስለ ዘር አመጣጥ የሚነሣ ነገር ካለ በ2021 የታተመውን የ82 ሰዎች የዘረመል ጥናት ይዩ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከሊዲያ፣ ከትንሹ እስያ፣ መጡ ይል ነበር፤ ጥናቱ ግን ዘረመላቸው ከጎረቤቶቻቸው ከላቲኖች ብዙም እንደማይለይ አሳየ። ከዚህ ተነሥቶ ቋንቋቸውም የላቲን ዘመድ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ደምና ቋንቋ ሁልጊዜ አብረው አይጓዙም። የቋንቋው እውነተኛ ዘመድ በ1885 በግሪክ ሌምኖስ ደሴት የተገኘው ድንጋይ ላይ አለ፤ ዕድሜ ሲጠቅስ «አዊስ ሲአልክዊስ» ይላል። ከራምታ «አዊልስ … ሼአልክልስ» አጠገብ አስቀምጠው ያንብቡት።

በእጅዎ ቢገባ

ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ለሽያጭ ሲቀርብ ካዩ ከየት ጉድጓድ እንደወጣ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለው አይንኩት። በኅዳር 2024 የጣሊያን ካራቢኒየሪ (ወታደራዊ ፖሊስ) ቺታ ዴላ ፒዬቬ አካባቢ በሕገወጥ መንገድ የተቆፈሩ ስምንት የዐመድ ማስቀመጫዎችና ሁለት የሬሳ ሣጥኖች መያዛቸውን አስታውቀዋል። ከቦታው የተነቀለ ጽሑፍ ቃሉ ቢነበብም ከማን ጎን እንደነበረ፣ ከነማን ጋር እንደተቀበረ የሚናገረው ነገር ጠፍቶ ይቀራል።

ጣሊያን ውስጥ እርሻ ሲያርሱ ወይም ግንባታ ላይ ሲሠሩ ድንገት ቢያገኙ ሕጉ ግልጽ ነው፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ለቅርስ ጥበቃ ቢሮው፣ ለከንቲባው ወይም ለፖሊስ ያሳውቁ፤ ዕቃውን ባለበት ቦታና ሁኔታ ይተዉት። ዕቃው የመንግሥት ነው፤ አግኝቶ በወቅቱ ያሳወቀ ሰው ግን ከግምቱ እስከ አንድ አራተኛ የሚደርስ ሽልማት ሊያገኝ ይችላል። ጭቃውን አይጠቡት። እየጠበቁ ፎቶ ያንሡ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አድርገው፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ፤ ከዚያ አፈሩን መልሰው በስሱ ይሸፍኑትና ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ዝናብ እንዳይመታው ይከልሉት።